ጥቆማ፦ ከማረጥ በፊት ለሚመጣ ድባቴ የትኛው ሕክምና ለማን ይሻላል?

እህቶቼ፣ እኔ 46 ዓመቴ ላይ ነው የጀመረኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትራሴ በላብ ርሶ እነቃና እስኪነጋ እገላበጣለሁ። ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ካልሲ በእጄ ይዤ ግማሽ ሰዓት ቁጭ የምልበት ቀን ነበር። ስንፍና መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ለካ በዚህ ዕድሜ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ዝም ብሎ አይቀንስም፤ ይወጣል ይወርዳል፣ ስሜታችንም አብሮ ይናወጣል። ቀድሞ ድባቴ የነበረባት ደግሞ ይበልጥ ትጋለጣለች።

ቤት ውስጥ የሚሠራ የሆርሞን መመርመሪያ አትግዙ። ሆርሞኑ ከቀን ቀን ስለሚለያይ የአንድ ቀን ውጤት ብዙም አይነግራችሁም፤ ከ45 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ሐኪም የሚያየው የወር አበባችሁን ለውጥና ምልክቶቻችሁን ነው። ይልቅ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ጠይቁ፤ ሁለቱም ድባቴ የሚመስል ድካም ያመጣሉ።

ላብና እንቅልፍ ማጣቱ ከስሜቱ ጋር ለተደራረበባት የመጀመሪያ ጥቆማዬ ስለ ሆርሞን ሕክምና የማህፀን ሐኪም ማማከር ነው። እኔን የጠቀመኝ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኢስትሮጅን ነው። ማህፀን ያላት ሴት ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላ ሆርሞንም አብራ መውሰድ አለባት። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። ደግሞም የሆርሞን ሕክምናው እርግዝና አይከላከልም!

ድባቴው ከበረታ ወይም ድሮም የሚመላለስ ከነበረ ግን የአእምሮ ሐኪም ይቅደም። እንደ ኤሲታሎፕራምና ቬንላፋክሲን ያሉ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በዚህ ዕድሜ የሚመጣውን ድንገተኛ ሙቀትም ያቀላሉ። ለውጡ በደንብ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እኔ በ10ኛው ቀን «አልሠራም» ብዬ አቁሜ ነበር፤ እናንተ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቆሙ። ታሞክሲፌን የሚባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ካለች መድኃኒቱ ሲመረጥ ታሳውቅ፤ ፓሮክሴቲን የሚባለው ፀረ ድባቴ መድኃኒት የታሞክሲፌንን ሥራ ያዳክማል።

የንግግር ሕክምናን ከየትኛውም ጋር ማስኬድ ይቻላል። አስተሳሰብና ልማድ ላይ የሚያተኩረውን ምረጡ፤ ለእንቅልፍም የተዘጋጀ ዓይነት አለው፣ እኔ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

«ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ከሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት ከሚባል ዕፅ ተጠንቀቁ። የእርግዝና መከላከያ እንክብልን ያዳክማል፤ ከፀረ ድባቴ መድኃኒት ጋር ሲወሰድም አደገኛ ነው።

የመሞት ሐሳብ የመጣባት ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ፣ ብቻዋንም አትሁን። ሌሎቻችሁ ከቀጠሮው በፊት የወር አበባችሁን ቀን፣ እንቅልፋችሁንና ስሜታችሁን በአንድ ደብተር መዝግቡ። የእኔ ሐኪም ወደ ሆርሞኑ ያዘነበለችው ያንን ደብተር አገላብጣ ካየች በኋላ ነው።