«አጥፊ መርከብ» ስንል ማን ማንን አጠፋ?

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ ስለተደረገው ውጊያ ስተረጉም «አጥፊዋን መርከብ አጥፍቶ ጠፊዎች መቷት» የሚል ዓረፍተ ነገር ወጣኝና መልሼ ሳነበው እኔው ግራ ገባኝ። ዴስትሮየር የሚባለውን የጦር መርከብ በአማርኛ ምን ብንለው ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝኛው ነው። ስሙ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲወጣ «የቶርፔዶ ጀልባ አጥፊ» የሚል ነበር፤ መርከቡ የተሠራው ትልልቆቹን የጦር መርከቦች ከሚያደቡባቸው፣ ቶርፔዶ የሚባለውን የውኃ ውስጥ ፈንጂ ከሚተኩሱ ፈጣን ጀልባዎች እንዲጠብቅ ነውና። ኋላ ተሳቢው ተቈርጦ «አጥፊ» ብቻውን ቀረ። በእኛ ጆሮ ደግሞ ይህ ቃል «አጥፊዎች ይቀጡ» የምንልበት የበደለኛ ስም ነው።

ጠባቂነቱን በምሳሌ ለማየት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1945 ከኦኪናዋ በስተሰሜን ተመድባ የነበረችው የአሜሪካ ዴስትሮየር ላፊ፣ ሥራዋ የሚመጡትን የጃፓን አውሮፕላኖች በራዳር ቀድሞ አይቶ ለጦሩ ማስታወቅ ነበር፤ ይህን የቀድሞው የጦር ሰፈር አማርኛችን በአንድ ቃል «ቃፊር» ይለዋል። ቃፊር ግን ቀድሞ እንደሚያይ ሁሉ ቀድሞ ይመታል። በ80 ደቂቃ ያህል ውስጥ ከ20 በላይ አውሮፕላኖች ተፈራረቁባት፤ ካሚካዜ ከሚባሉት የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖች ስድስቱ ተከሰከሱባት፣ አራት ቦምቦች አገኟት፣ አቅጣጫ ማስያዣ መሪዋም ተቈልፎ በአንድ ቦታ ትዞር ጀመር። አዛዧ ፍሬደሪክ ቤክተን የሚተኩስ መድፍ እስካለ ድረስ መርከቧን አልለቅም አለ። 32 ሰው ሞቶባት 71 ቈስሎባት ሳትሰጥም ቀረች፤ ዛሬ በሳውዝ ካሮላይና ሙዚየም ናት።

አስተያየት፦ «አውዳሚ» ብንለውስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከበደለኛው ትርጉም ያድነናል፤ ሆኖም የተቈረጠውን ተሳቢ አይመልስልንም፣ ጠባቂነቱንም አይናገርም። ስለዚህ እኔ ዴስትሮየርን እንዳለ እወስደዋለሁ። «አጥፍቶ ጠፊ» ድርጊቱን በሚገባ ይገልጸዋል፤ ካሚካዜ ግን «መለኮታዊ ነፋስ» ማለት ሲሆን በ13ኛው መቶ ዘመን የሞንጎሎችን መርከቦች የበተነውን ማዕበል ስለሚያስታውስ፣ ስሙን ብንለውጠው ያ ሁሉ ይጠፋል። የጠያቂውን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው «ቃፊር የቆመችውን ዴስትሮየር ካሚካዜዎች መቷት» እለዋለሁ።