ከሱሉልታ ለሚመላለስ ሰው ማንዋል ይሻላል አውቶማቲክ?

የሱሉልታዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ነው። የምኖረው ሱሉልታ፣ የማስተምረው ፒያሳ አካባቢ ነው። በቀን ሁለቴ የእንጦጦን ዳገት እሻገራለሁ። ሁለቱ ልጆቼም አብረውኝ ናቸው።

ሁለት መኪና አይቻለሁ። አንዱ አውቶማቲክ ቪትዝ፣ ባለ 1.0 ሞተር። ሌላው ማንዋል ያሪስ፣ ባለ 1.3። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የጠየቅኩት ሁሉ «ለሴት አውቶማቲክ ነው» ይለኛል። ይሄ አባባል ያናድደኛል። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በማንዋል ነው፣ ማርሽ አይከብደኝም።

የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው። ባለፈው ክረምት የወንድሜን አውቶማቲክ ይዤ ጠዋት ስወርድ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖታል። ከፊቴ ከደርባ በኩል የመጣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ ነው። እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ እግሬን ከፍሬን ላይ አላነሳሁም። ታች ስደርስ የሆነ ነገር ተቃጥሎ ሸተተኝ፤ ፔዳሉን ስረግጠው ሰመጠብኝ። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። የዛን ቀን ክፍል ገብቼ ጠመኔ የያዘው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማንዋል ቢሆን ሞተሩ ይይዝልኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ማታ ስመለስ ዳገቱ ላይ መቆም መነሳት ነው፣ የግራ ጉልበቴ ደግሞ ያመኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የለገጣፎ ልጅ

እህቴ፣ አውቶማቲክ ግዢ። ከለገጣፎ መገናኛ ሦስት ዓመት በማንዋል ተመላልሻለሁ። ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን እየቆምኩ ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን አስቀይሬያለሁ። ጉልበት ግን አይቀየርም።

ካምቢዮ ሠሪው፣ ሰበታ

ልጄ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ፍሬኑ የጋለው መኪናው አውቶማቲክ ስለሆነ አይደለም። በ«ዲ»፣ በተለመደው መንጃ ቦታ፣ ስለወረድሽ ነው። በ«ዲ» ስትወርጂ ካምቢዮው ቀላል ማርሽ (ሦስተኛ፣ አራተኛ) ይመርጣል፣ ሞተሩ አይዝም፣ ሸክሙ ሁሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ከ«ዲ» ሥር «2» እና «ኤል» የሚል ታገኛለሽ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነትሽን ቀንሺና «2» ላይ አድርጊው። በጣም ቁልቁል ከሆነ «ኤል»። ሞተሩ ይጮሃል፣ አትደንግጪ፤ መያዙ ነው። በፍጥነት ላይ እያለሽ ግን «ኤል» እንዳታስገቢ። በማንዋልም ቢሆን በዜሮ ማርሽ ከወረድሽ ያው ነው፤ ነዳጅ ልቆጥብ ብለው በዜሮ የሚወርዱትን ስንቴ ተቆጥቻለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ 1.0ው ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንስበታል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ። ትንሽ ሞተር በዚያ ላይ ልጆችና ዕቃ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ካምቢዮውም አብሮ ይግላል። አውቶማቲክ ከሆነ 1.3 ፈልጊ።

ከመግዛትሽ በፊት ይሄን አድርጊ። አውቶማቲኩ ላይ ፍሬን ረግጠሽ ከ«ኤን» (ከዜሮ) ወደ «ዲ» አስገቢ። ቶሎ ካልያዘ ወይም «ጓ» ካለ ተይው። የካምቢዮ ዘይቱ ዲፕስቲክ (መለኪያ ዘንግ) ካለው አውጥተሽ እዪ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ካምቢዮው ታሟል። ማንዋሉ ላይ የእጅ ፍሬን ስበሽ፣ ሦስተኛ አስገብተሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው። ካልጠፋ እየተንሸራተተ ነው።

ኮዬ ፈጬ

ኤሌክትሪክም አስቢ እንጂ። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ማርሽ መቀየር የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ባትሪም ይሞላል።

የሱሉልታዋ መምህርት

ኤሌክትሪኩ ለአሁኑ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ግን አመሰግናለሁ።

ጋሼ፣ ቅዳሜ እንዳሉኝ አደረግኩ። ቪትዙ «ዲ» ሳስገባው ቆይቶ ጓ አለ። ዘይቱ ቡና መስሏል። ባለቤቱ «ሁሉም እንዲህ ነው» አለኝ፤ አመስግኜው ሄድኩ። ያሪሱ ጥሩ ነው፣ ሦስተኛ ላይ ወዲያው ጠፋ። ግን ባለቤቱን ለምኜ አብረን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ነዳሁት። ሌሊቱን ጉልበቴ አላስተኛኝም። ስለዚህ 1.3 አውቶማቲክ እየፈለግኩ ነው፣ ያያችሁ ንገሩኝ።

እሁድ ጠዋት ልጆቹን ቤት ትቼ የወንድሜን መኪና ተዋስኩ። ከላይ ቀስ አልኩና «2» ላይ አደረግኩት። ሞተሩ ጮኸ። ልቤ መታ፣ ግን እርስዎ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ፍሬን የነካሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው። አዲሱ ገበያ ስደርስ ዳር ይዤ ወረድኩና ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ምንም አይሸትም።