ተፈጥሮ የወንድሜን በሽታ እስካሁን ለምን አላጠፋችውም? (ስለ ጄኔቲክ አልጎሪዝምም ጭምር)

የታናሼ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ግማሹ የኮምፒውተር፣ ግማሹ የቤተሰብ ነው። ለያይቼ ልጽፈው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ታናሽ ወንድሜ ሲክል ሴል የሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ አለበት። 16 ዓመቱ ነው። ሕመሙ ሲነሳበት አጥንቱን ከውስጥ የሚጨምቁት ይመስለዋል። ልጆች ሆነን ሌሊት ሲያለቅስ እግሩን ይዤለት የማድረው እኔ ነበርኩ። እናታችንና አባታችን ጤነኞች ናቸው። እኔም እስከዛሬ ምንም ሆኜ አላውቅም። ወላጆቻችን ሁለቱም ተሸካሚ (ጎጂውን ጂን በአንድ ቅጂ ይዘው የማይታመሙ) መሆናቸው የተነገራቸው እሱ ከታመመ በኋላ ነው። ያን ቀን ያናገራቸው ባለሙያ «ከአራት ልጅ አንዱ ነው የሚታመመው» ብሎ ሸኛቸው። እናቴ «አንዱ ከታመመ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደህና ናቸው ማለት ነው» ብላ ለዓመታት ታምን ነበር።

እኔ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በጄኔቲክ አልጎሪዝም (መልሶችን እንደ ፍጥረት እያዳቀለና እየመረጠ በሚያሻሽል የኮምፒውተር ዘዴ) የፈተና ፕሮግራም ማውጣት ነው። 40 ኮርስ፣ 12 የፈተና ሰዓት፣ 5 ክፍል። እያንዳንዱ ፕሮግራም 40 ቁጥር የተደረደረበት ሰንሰለት ነው። ቁጥሩ ኮርሱ በየትኛው ሰዓትና ክፍል እንደሚውል ይናገራል። መጀመሪያ 100 ፕሮግራም በዘፈቀደ ይፈጠራል። አንድ ተማሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና ከደረሰበት ነጥብ ይቀነሳል። ዝቅተኞቹ ይጣላሉ፣ ከፍተኞቹ ይዳቀላሉ፣ አልፎ አልፎ አንድ ቁጥር በሚውቴሽን፣ ማለትም በዘፈቀደ ለውጥ፣ ይቀየራል። ምርጥ 20ዎቹ ሳይነኩ ወደሚቀጥለው ትውልድ ያልፋሉ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ኮዱን እያስኬድኩ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ስክሪኑን ያያል። «እነዚህ ቀዮቹ ምንድን ናቸው?» አለኝ። «መጥፎዎቹ ናቸው፤ በሚቀጥለው ትውልድ አይኖሩም» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ የኔ በሽታ ለምን እስካሁን ኖረ?» አለ። መልስ አጣሁለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የኮዱ ነው። 60ኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ 100ዎቹም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ሦስት ግጭት እንደቀረ እዚያው ይቆማል። መሀል ላይ አንዱን ክፍል ብዘጋበት ደግሞ ጭራሽ አያገግምም። ሚውቴሽኑን ስጨምረው ጥሩዎቹም ይበላሻሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች የሆነ ቦታ የሚገናኙ ይመስለኛል። ተሳስቼ ይሆን?

ማይክሮስኮፕ፦

እህቴ፣ ከ20 ዓመት በላይ የደም ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለ ኮዱ ለሌሎች እተወዋለሁ። የወንድምሽን ጥያቄ ግን እኔ ልሞክረው።

በመጀመሪያ ስለ እናትሽ። «ከአራት አንዱ» የሚባለው ለእያንዳንዱ እርግዝና ለብቻው ነው። ያለፈው ልጅ ታመመ አልታመመ፣ ለሚቀጥለው ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል። ይህን በደንብ ሳያስረዱ ቤተሰብ መሸኘት ያሳዝነኛል። ብዙ እናቶች በዚህ ተጎድተዋል።

ሰው ከ3 ቢሊዮን በላይ የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። በወንድምሽ ላይ የተለወጠው በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ፊደል ነው። በዚያ ምክንያት ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢን ሰንሰለት፣ ስድስተኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ የተባለው አሚኖ አሲድ መሆን የነበረበት ቫሊን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ እርስ በርሱ ይጣበቅና ቀዩን የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል። የጎበጠው ሕዋስ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል። ሕመሙ ከዚያ ነው። ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ የጎበጠው ከ10 እስከ 20 ቀን ብቻ። በሽታው የሄሞግሎቢን ጉድለት መሆኑን ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ስድስተኛውን ቦታ ቨርኖን ኢንግራም ያገኘው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

እና ለምን አልጠፋም? ወረቀት አውጪና አብረን እንቁጠር። 10,000 ሰው አለ እንበል። እያንዳንዱ የዚህ ጂን ሁለት ቅጂ፣ አንድ ከእናት አንድ ከአባት፣ ስላለው በድምሩ 20,000 ቅጂ ነው። ከ100 ቅጂ አንዱ ጎጂ ይሁን፤ 200 ጎጂ ቅጂ አለ ማለት ነው። ሰዎች ጂኑን ሳያዩ ከተጋቡ፣ ሁለት ጎጂ ቅጂ አንድ ላይ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የታመመው እሱ ነው። የቀሩት 198 ቅጂዎች 198 ጤነኛ ሰዎች ውስጥ አንድ አንድ ሆነው ተቀምጠዋል። በሽታው የሚያገኘው ያንን አንድ ሰው እንጂ 198ቱን አይደለም። የታመሙት ሁሉ ልጅ ሳይወልዱ ቢያልፉ እንኳ የጂኑ ድርሻ በግማሽ እስኪቀንስ 100 ትውልድ ይፈጃል። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ከሆነ 2,500 ዓመት ማለት ነው።

የሲክል ሴል ግን ሌላም ምክንያት አለው። አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ሰዎች በከባድ ወባ የመሞት ዕድላቸው በጣም ያነሰ ነው። አንቶኒ አሊሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1954 አሳተመ። ወባ በበዛበት ምድር ያቺ ፊደል ብዙ ሕፃናትን አትርፋለች። ለወንድምሽ እንዲህ በዪው፦ ያንተን አጥንት የሚያሳምምህ ነገር ቀድሞ የብዙ አያቶችህን ነፍስ ያተረፈ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ ተሸካሚ የመሆንሽ ዕድል ግማሽ አይደለም። ከአራቱ ዕጣዎች «ታማሚ» የሚለው ለአንቺ ከቁጥር ይወጣል፤ ጤነኛ ነሽና። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው። ስለዚህ ከሦስት ሁለት ነው። ተመርመሪ። የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን የሚለየው ምርመራ የሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል። የሄሞግሎቢኑን ሟሟነት ብቻ የሚያየው ፈጣን ምርመራ ተሸካሚንና ታማሚን አይለይም፤ በእሱ ብቻ አትመለሺ።

ቀመረኛ፦

ማይክሮስኮፕ ያስቀመጡት ቁጥር ሁለቱን ጥያቄዎችሽን ያገናኛል። አልተሳሳትሽም።

ቀላሉን አስቀድሜ ልበል። ምርጥ 20 ሳይነኩ ማሳለፍ በጣም ብዙ ነው። የእነሱ ልጆች በጥቂት ትውልድ ሁሉንም ቦታ ይይዛሉ። ወደ 2 አውርጂው። አንድ ዓይነት ፕሮግራም ሁለት ጊዜ እንዳይገባም ከልክዪ። ሦስቱ ግጭቶች በዚህ ብቻ የሚፈቱ ይመስለኛል።

የተዘጋው ክፍል ግን ጠለቅ ይላል። ያንቺ ፕሮግራሞች አንድ ሰንሰለት ብቻ ነው ያላቸው። አንድ ቁጥር ዛሬ ካልጠቀመ ከነባለቤቱ ይጠፋል፤ ነገ ቢያስፈልግ የትም የለም። ሰው ግን ሁለት ቅጂ አለው። ዛሬ የማይፈለገው ቅጂ ከሌላው ጀርባ ተሸሽጎ ይቆያል። የጄኔቲክ አልጎሪዝም ጀማሪ የሚባለው ጆን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ስላላቸው ፍጥረታት አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ጎልድበርግና ስሚዝ ሞከሩት። የሻንጣ ችግር የሚባለውን (ከክብደት ገደብ ሳያልፉ በሻንጣ የሚያዙትን ዕቃዎች መምረጥ) ወሰዱ፤ የሚፈቀደውን ክብደት በየጊዜው እየቀያየሩ አስኬዱት። ባለ አንድ ሰንሰለቱ ለውጡን መከተል አቃተው፤ ባለ ሁለቱ ተከተለ። ሚውቴሽን መጨመር ይህን አይተካም። ሚውቴሽን ያልተሞከረ ነገር ነው የሚያመጣልሽ። የተሸሸገው ቅጂ ግን ድሮ አንዴ የሠራ ነው።

እንዲህ አድርጊው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት ሰንሰለት ስጪው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አንድ የጉልበት ቁጥር አስቀምጪ። ጉልበቱ የበለጠው ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል። ነጥብ የሚሰጠው ለሚናገሩት ብቻ ነው። ሲዳቀሉ እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ሁለት ሰንሰለት አቀላቅሎ አንድ ይሰጣል። ጉልበቱም በሚውቴሽን ይቀየር።

ጄኔቲክ አልጎሪዝምን የምወደው አንዳንዴ ሰው የማያስበውን ስለሚያመጣ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2006 ባመጠቃቸው ኤስቲ5 በሚባሉ ትንንሽ ሳተላይቶች ላይ በዚህ መንገድ የተገኘ አንቴና ነበር። ሲያዩት የተጣመመ ሽቦ ነው፤ መሐንዲስ አስቦ የሚስለው አይመስልም። ግን ሠራ። ልዩነቱን ግን ለወንድምሽ ንገሪው። ያንቺ ኮድ ውስጥ «መጥፎ» ማለት ምን እንደሆነ የወሰንሽው አንቺ ነሽ። ተፈጥሮ ውስጥ እንዲህ የሚወስን የለም። ያለው ቦታውና ጊዜው ነው።

ማይክሮስኮፕ፦

ቀመረኛ፣ ጥሩ ብለሃል። አንድ ቦታ ላይ ግን ላርምህ። የሲክል ሴል ቅጂ በተሸካሚ ውስጥ ዝም አይልም። ከሄሞግሎቢናቸው 40 በመቶ ገደማ ከእሱ የሚሠራ ነው። ምርመራው ላይ ተሸካሚን የምንለየው ሁለቱንም ዓይነት ስለምናይ ነው። ዝም ቢልማ ኖሮ ከወባ እንዴት ይከላከል ነበር? ይናገራል፤ ግን ለማሳመም አይበቃም። በትክክል ዝም ለሚል ቅጂ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው፣ አንድ ኢንዛይም በመጉደሉ የሚመጣው የዘር በሽታ ይሻላል። ጤነኛው ቅጂ የሚሠራው ኢንዛይም ለሁለቱም ስለሚበቃ ተሸካሚው ምንም አይሰማውም።

ቀመረኛ፦

አመሰግናለሁ፣ ልክ ነዎት። ለኮዱ ዝም የሚለው ይበቃል፤ ለወንድሟ ግን እርስዎ ያሉት ነው መነገር ያለበት።

አዲስ ገብ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ብወጣ። ሁሉም ሰው ተመርምሮ ተሸካሚዎች ባይወልዱ በአንድ ትውልድ አያልቅም ነበር?

ማይክሮስኮፕ፦

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ በክፉ ልብም አይደለም። ግን አስቡት። በዘር የሚተላለፍ በሽታ አንድ ሲክል ሴል ብቻ አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠር ዓይነት አለ። እያንዳንዳችን በአንድ ቅጂ የያዝነው የሆነ ጎጂ ነገር አለን፤ እኔም፣ አንተም። ተሸካሚ ሁሉ አይውለድ ካልን የሚወልድ አይገኝም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሕፃን ከወላጆቹ ያልወረሰው 60 ገደማ አዲስ የፊደል ለውጥ ይዞ ይወለዳል። አብዛኛው ምንም አያደርግም፤ ግን አያቆምም። ምርመራው የሚጠቅመው ሁለት ሰዎች አውቀው እንዲወስኑ ነው። ሌላ ሰው እንዲወስንባቸው አይደለም። በዚህ ስም በታሪክ ብዙ ግፍ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም።

ሕክምናውም ቆሞ አልቀረም። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው መድኃኒት ፅንስ ሳለን የምንሠራውን ሄሞግሎቢን መልሶ ከፍ ያደርጋል። ያኛው ስለማይጣበቅ ሕመሙ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ብሪታንያና አሜሪካ የፈቀዱት ካስጌቪ የሚባለው የጂን ሕክምናም መንገዱ ይኸው ነው። የታማሚውን የደም ግንድ ሕዋሳት ያወጡና የፅንሱን ሄሞግሎቢን ዝም የሚያሰኘውን የቢሲኤል11ኤ ጂን ሥራ ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ መሣሪያ ይቀንሱታል። የተለወጠችዋን ፊደል አይነኳትም። ሕዋሳቱን ወደ ታማሚው ከመመለሳቸው በፊት ግን ጠንካራ ኬሞቴራፒ አለ፤ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የታናሼ እህት፣ ወንድምሽ ሃይድሮክሲዩሪያ ካልጀመረ ሐኪሙን ጠይቁት።

የታናሼ እህት፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ኮዱ፦ 20ውን ወደ 2 ሳወርድና ድግግሞሹን ስከለክል ሦስቱ ግጭቶች በ150ኛው ትውልድ አካባቢ ጠፉ። ከዚያ ባለ ሁለት ሰንሰለቱን ጻፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ስህተት አስለቀሰኝ፤ ዝም ያሉትንም ነጥብ ስሰጣቸው ነበር። 300ኛው ትውልድ ላይ አንዱን ክፍል ዘጋሁ። ባለ አንዱ ሰንሰለት ከ10 ዙር በ2ቱ ብቻ አገገመ። ባለ ሁለቱ በ7ቱ አገገመ። መጀመሪያ ላይ ግን ይዘገያል፤ ግጭቱ የሚጠፋው 240ኛው አካባቢ ነው።

ምርመራው፦ ማይክሮስኮፕ ባሉት መሠረት ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም የሄሞግሎቢን ዓይነቶች አሉ፤ ጤነኛው «ኤ» እና የሲክል ሴሉ «ኤስ»። ተሸካሚ ነኝ። ደነገጥኩ ማለት አልችልም፤ ከሦስት ሁለት መሆኑን አውቄ ነበር የሄድኩት። እናቴን አስቀምጬ አራቱን ዕጣ በወረቀት ሣልኩላት። «ታዲያ ያን ጊዜ እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት» አለች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ለወንድሜ የ10,000ውን ሰው ስሌት አሳየሁት። 198ቱን ቁጥር ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሮ «ዝም ያሉት ለምን አይታዩም?» አለ። የሚናገሩትን ብቻ ነበር የማሳየው። አሁን ሁለቱም ሰንሰለት ጎን ለጎን ይታያል። ለተሸሸገው ቀለም የመረጠው እሱ ነው፤ ሰማያዊ። ቀዩንም አስጠፍቶኛል። ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ የያዝነው ለመጪው ማክሰኞ ነው።

ቀመረኛ፦

10 ዙር ለመመረቂያ ያንሳል፤ ገምጋሚዎቹ ይይዙሻል። 30 አድርጊው። ለሁለቱም ዓይነት አንድ ዓይነት የዘፈቀደ መነሻ ቁጥር (seed) ስጪያቸው፤ ክፍሉንም በተመሳሳይ ትውልድ ዝጊባቸው። ከዚያ ሁለት ክፍል በየተራ እየዘጋሽና እየከፈትሽ ሞክሪ። ባለ ሁለቱ ሰንሰለት ጉልበቱ የሚታየው አሮጌው ሁኔታ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ውጤቱን እዚሁ ለጥፊልን።