የዕድራችንን ቴሌግራም ማን ያነበዋል?

ጸሐፊው፦

እንደምን ከረማችሁ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊያችን በሌሊት ይዞር ነበር። አሁን ግሩፕ አለን። የአንድ አባላችን እናት ዘጌ ያረፉ ጊዜ ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ያወቅነው በዚያ ነው። በነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ግን ወደ ጡሩንባው ተመለስን። ሰውዬው «ብያችሁ ነበር» እያለ ሲኮራብን ከረመ።

ባለፈው እሁድ አንድ ጡረተኛ መምህር ከግሩፑ ወጡ። ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ እዚያ የሚጻፈውን እኮ እነሱም ያነቡታል» አሉኝ። «እነማን ጋሼ?» ብላቸው «እነሱ ናቸዋ!» ብለው ዘጉት።

ሳቅሁ። ማታ ግሩፑን ወደ ላይ እየሳብኩ የቆየውን መልእክት ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። የታመመ ሰው የሐኪም ወረቀት አለ። የሁለት ሴቶች የፋይዳ ካርድ ፎቶ አለ። ከነሒሳብ ቁጥሩ የተለጠፈ የባንክ ደረሰኝም አለ። አንዱ ደግሞ ሞቅ ብሎት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስለ መንግሥት የጻፈው አለ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

ሕጉ ምን ይላል? ሁሉንም ወደ ዋትሳፕ ላዙር? ለጋሼ እስከዚያው በኤስኤምኤስ ነው የምነግራቸው።

የፔዳው ተማሪ፦

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ነው የማጠናው፤ ጠበቃ አይደለሁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደብዳቤም ስልክም በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነትም አይደፈርም ይላል። ወዲያው ግን በር ይተዋል፦ ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ወንጀልን ለመከላከል እና ለመሳሰለው በዝርዝር ሕግ ሊገደብ ይችላል።

ከዝርዝሮቹ አንዱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። እዚያ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ ዳታ ለአንድ ዓመት ማስቀመጥ አለበት። የፖስታውን ጀርባ አስበው፦ ከማን፣ ለማን፣ መቼ። ውስጡ ያለው ወረቀት አይደለም። ይህን የሚሰበስቡት ከተጠረጠረ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ይቀመጣል። አሳልፎ ለመስጠት ነው የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚጠየቀው።

ሁለተኛ፣ ግንኙነትን በቀጥታ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ቁልፍ መሠረተ ልማትን የሚጎዳ የኮምፒውተር ወንጀል ነው፣ አስቸኳይም ነው ከተባለ ግን አዋጁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያለው፣ አሁን የፍትሕ ሚኒስትሩ፣ ራሱ ሊፈቅድ ይችላል። ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ያቀርባል። ጠለፋው ቀድሞ፣ ዳኛው ተከትሎ ማለት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ሞባይል ጠጋኙ፦

ወንድሜ፣ ጋሼን እኮ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የከተትካቸው! ኤስኤምኤስ ቁልፍ የለውም። በቴሌው መስመር ሲያልፍ ጽሑፉም የተላከለት ቁጥርም ይታያል። ቴሌግራም ስትጠቀም መስመሩ ላይ የሚታየው ቴሌግራም መክፈትህ ነው፤ ምን እንደጻፍክ አይታይም።

ቴሌግራም ግን ጻድቅ አይደለም። የግሩፕ መልእክት በሱ ሰርቨር፣ ማለትም በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ የሚከፍተውም ቁልፍ በሱ እጅ ነው። ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። በመስከረም 2017 ደግሞ ሕጋዊ ጥያቄ ከቀረበለት የተጠቃሚውን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት የገባበትን መለያ ቁጥር) እንደሚሰጥ አሳውቋል። ዋትሳፕ በዚያው አዋጁ በወጣበት በ2008 ነው መልእክቱን ሁሉ ከላኪ እስከ ተቀባይ የቆለፈው፣ ግሩፑንም ጭምር። ግን ባክአፑን፣ የመልእክቶችህን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ጉግል ላይ ሳትቆልፍ ካስቀመጥከው በሩን ዘግተህ መስኮቱን ከፈትክ።

መንገደኛው፦

ሁላችሁም ስለ መስመሩ ታወራላችሁ። እኔን አንድ ኬላ ላይ «ስልክህን ክፈት» ብለው ቁጭ ብለው ፎቶዬን ሲያዩ የትኛው ዋትሳፕ አዳነኝ? የእህቴን የሠርግ ፎቶ ሳይቀር ነው ያገላበጡት። ወረቀት ያሳየኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ደግሞ በ2005 ሲቲዝን ላብ የሚባሉት የካናዳ ተመራማሪዎች ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ አግኝተዋል። እንዲህ ያለው ስልኩ ውስጥ ከገባ አንተ የምታነበውን ያነባል። ሽማግሌው ዝም ብለው አይደለም የፈሩት።

የፔዳው ተማሪ፦

እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ጸሐፊው ግን የፋይዳ ካርዶቹን ዛሬውኑ ያጥፋቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በካርዶቹ ለመጎዳት ግን መንግሥትም አያስፈልግም፤ ከግሩፑ አንድ ሌባ ይበቃል።

ጸሐፊው፦

ካርዶቹን፣ ደረሰኙንና የሐኪሙን ወረቀት አጥፍቻለሁ። የሰባት ሰዓቱን ጽሑፍ ባለቤቱ ራሱ አጠፋው፤ ደውዬ ሳስታውሰው «እኔ ነኝ የጻፍኩት?» አለኝ። ከእንግዲህ ግሩፑ ላይ የሚለጠፈው ስም፣ ቦታና ሰዓት ብቻ ነው። መዋጮ ቤት ለቤት። ዋትሳፑን ለጊዜው ተውኩት፤ ግማሹ አባል የለውም።

ለጋሼም ኤስኤምኤሱ የባሰ መሆኑን ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ቡናቸውን ፉት አሉና «እንግዲያው ጡሩንባው ይነፋልኝ» አሉ። ጡሩንባ ነፊውን አነጋገርኩት። ለአንድ ቤት ብሎ በሌሊት ለመነሳት ጭማሪ ይፈልጋል። ነገሩ ለቀጣዩ ስብሰባ ተይዟል።