እናቴን ከመውሰዴ በፊት ምን ላስጀምራት?

ከደብረ ብርሃን፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ለሁለት ወር እረፍት ደብረ ብርሃን መጥቻለሁ። የእናቴ የአሜሪካ ጉዳይ እያለቀ ነው፤ ቀጠሮ እየጠበቅን ነው። ዕድሜዋ 67 ነው። ያደገችው መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ሰው ሁሉ "እንግሊዝኛ አስጀምሪያት" ይለኛል። አስተማሪ ቀጠርኩላት። ሁለት ቀን ተምራ "ልጄ፣ ይቅርብኝ" አለችኝ። የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ያን ጊዜ ፊቷን ማየቴ ነው። እናቶቻችሁን ያመጣችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ?

ከሜሪላንድ፦

እህቴ፣ እንግሊዝኛውን ለጊዜው ተይው። ሀሁን አስቆጥሪያት። እዚያው ሳላችሁ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ።

የእኔ እናት የመጣችው ከጣርማ በር አካባቢ ነው። አገር ቤት አለማንበቧ ይህን ያህል አይጎዳትም ነበር። የዕቁቡን ሂሳብ በቃሏ ትይዛለች። የማኅበሩ ተራ የማን እንደሆነ የሚጠየቀው እሷ ነበረች። የገበያው ቀን ይታወቃል፣ መንገዱም ይታወቃል፤ ግራ የገባትን ደግሞ ያገኘችውን ሰው ትጠይቃለች። እዚህ ግን ከተማው የሚናገረው በጽሑፍ ነው። አውቶቡሱ፣ የሕንጻው በር፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ ሁሉም። ሰፈሩ ሁሉ ምክር የሚጠይቃት ሴት፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የ9 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ትጠብቅ ጀመር። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

መጀመሪያ እኔም እንዳንቺ ነው ያደረግኩት። በነፃ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት አስገባኋት። አብረዋት የሚማሩት በየራሳቸው ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። እሷ እርሳስ ይዛ አታውቅም። በሦስተኛው ሳምንት "ራሴን አመመኝ" ማለት አመጣች። እኔ ሰነፈች ብዬ ተቆጣኋት። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። ለካ ሁለት ዳገት ባንዴ ነበር ያስወጣኋት። ድምፅ በምልክት እንደሚያዝ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የማታውቀውን ቋንቋ መማር ሌላ ነው። የመጀመሪያውን በገዛ ቋንቋዋ ካለፈችው ሁለተኛው ይቀላል።

ከሁሉ በፊት ግን ዓይኗን አስመርምሪያት። ከ40 ዓመት በኋላ የሰው ሁሉ ዓይን የቅርቡን ማየት እየደከመው ይሄዳል። እማዬ "አይገባኝም" ትለኝ የነበረው ጽሑፉ እየደበዘዘባት ነበር። መነጽር ስታገኝ ግማሹ ችግር ተቃለለ።

ከዚያ በቃሏ ከምታውቀው ጀምሪላት። እማዬ አባታችን ሆይን ከልጅነቷ ጀምሮ ትደግማለች። በትልልቁ ጻፍኩላት። እየደገመች ጣቷን በየቃሉ ላይ ታስኬዳለች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ የቀራት መልኩን መለየት ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ እንጀራ እየጋገርኩ "ይቺ ማ እኮ ማርያም ላይም አለች" አለችኝ። "በሰማያት" የሚለው ላይ ያለችውን ማ ይዛ ነው የምታሳየኝ። ምጣዱን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የበረዶውን ወራት ሙሉ ፈጀብን። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ሁሉንም በተራ አላስቆጠርኳትም። በምትፈልጋቸው ቃላት በኩል ነው የመጡት። ወደ እንግሊዝኛው ስንሻገር "26 ብቻ ናቸው?" አለች። ሁለት ወር እንኳ አልፈጀባትም።

"አሮጊት ናት፣ የዜግነት ፈተናው ይቀርላታል" የሚሉሽን አትስሚ። ከእንግሊዝኛው ነፃ የሚሆነው 50 ዓመት ሞልቶት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ነው። እናትሽ በ67 ገብታ 15 ዓመት ስትኖር 82 ይሆናታል። ግሪን ካርድ ባገኘች በ5ኛው ዓመት ልትፈተን ካለች ከሦስት ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍ ይጠበቅባታል። ከፈተናው የሚያስምረው የሐኪም ወረቀትም ለሕመምና ለአካል ጉዳት ነው፤ አለመማር ብቻውን አያስምርም። ካናዳ ይለያል፤ እዚያ 55 የሞላው ሰው የቋንቋም የዕውቀትም ፈተና የለበትም።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ደግሞ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። የሴት ሕመሟን በልጅ ልጇ አፍ መናገር የለባትም።

ከሚኒሶታ፣ የመንዝ ሞላሌ ልጅ፦

ልጆቼ፣ እኔም ልጻፍ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር ሞላሌ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ነው የተማርኩት። ቀን እንጨትና ውኃ፣ ማታ ትምህርት። ተፈትኜ አለፍኩ፤ ወረቀትም ተሰጠኝ። አገራችን በዚያ ሥራ በፈረንጆቹ 1980 ከዩኔስኮ ተሸልማለች፤ ይገባታል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የማነበው አጣሁ። ቤታችን መጽሐፍ የለ፣ ጋዜጣ የለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ፊደሉ ጠፋኝ።

የመለሰልኝ ቴሌግራም ነው። ልጄ ሁልጊዜ በድምፅ ነበር የምትልክልኝ። ለእኔ አዝና ነው። አንድ ቀን "ጻፊልኝ፣ በድምፅ አትላኪ" አልኳት። በቀን አንድ መስመር ትጽፍልኛለች። "እማዬ በላሽ ወይ?" ትላለች፤ ማታ መልሱን እጽፋለሁ። በመጀመሪያ አንዷን መስመር ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። አሁን ይኸው ለእናንተ ይህን ሁሉ ጻፍኩ። እናትሽ ፊደል ስትይዝ አንቺም በድምፅ መላኩን ተይ።

ደግሞ በስሟ አስጀምሪያት። ሙሉ ስሟ ረጅም ከሆነ በቤት ስሟ ይሁን። እኔን ዘመቻ ላይ ሙሉ ስሜን ነበር የሚያስጽፉኝ፤ መጨረሻው ጋ ሳልደርስ ሰዓቱ ያልቅ ነበር።

ከደብረ ብርሃን፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ራስዎ መጻፍዎን ለእማዬ ነገርኳት። "የሞላሌ ሰው ናት?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ያሉትንም ደግሜ እንዳነብላት አደረገችኝ።

የቤት ስሟ 3 ፊደል ነው። ትናንት ማታ ባናዋን ደርባ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጣ፣ በደብተር ላይ ጻፍኩላት። የመጀመሪያውን ፊደል ገልብጣ ጻፈችው። አላረምኳትም። አየት አደረገችውና ራሷ ከሥሩ አስተካክላ ደገመችው። ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።