ለመድኃኒት ሙከራ ፈቃደኞች የሚከፈለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው?

ጥያቄ
በአንድ አዲስ መድኃኒት የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ላይ ጤነኛ ፈቃደኛ ሆኜ እንድሳተፍ ተጋብዣለሁ። የሚከፈለኝ ገንዘብ የጊዜዬ ዋጋ ነው ወይስ የምቀበለው አደጋ ዋጋ? በመሃል ለማቋረጥ ብገደድስ ክፍያው ይቀርብኛል?

መልስ አንድ
በአደጋው ልክ መክፈል ተቀባይነት የለውም። የዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት ተሳታፊው ለጉዞና ለመሳሰለው ያወጣው ወጪ ይተካለታል፤ ላጠፋው ጊዜና ለደረሰበት እንግልትም ተመጣጣኝ ክፍያ ያገኛል፤ መጠኑ ግን ከአደጋው ጋር አይያያዝም። አደጋው በጨመረ ቁጥር ገንዘቡም ቢጨምር ኖሮ፣ ከባዱን ሸክም የሚሸከሙት በአብዛኛው ችግር የጠናባቸው ሰዎች ይሆኑ ነበር።

እኔን ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ አከፋፈሉ ነው። ገንዘቡ በሙሉ እስከ መጨረሻው ቀን ከተያዘ፣ ራስ ምታት የበረታበት ሰው «ጥቂት ቀን ልታገሥ» ብሎ ሕመሙን ይደብቃል፤ ይህም እሱን ከመጉዳቱ ባሻገር የጎንዮሽ ጉዳቱን ከመዝገብ ያስቀረዋል፤ ነገ መድኃኒቱን የሚወስደው ሕመምተኛም ማወቅ የሚገባውን ሳያውቅ ይውጠዋል። ዓለም አቀፉ የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር መመሪያ ክፍያው በተሳትፎው ልክ እየተከፋፈለ እንዲሰጥና ሙከራውን በመጨረስ ላይ ብቻ እንዳይመሠረት የሚያዘውም ለዚህ ነው።

መልስ ሁለት
በዋናው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ሰው በገንዘብ እንዳይደለል» በሚል ሰበብ ክፍያውን እጅግ ማሳነስም ፍትሐዊ አይደለም። ጤነኛ ፈቃደኛ ከመድኃኒቱ የሚያገኘው ፈውስ የለም፤ ድካሙ የሚጠቅመው ሌላውን ነው።

ከክፍያው ተለይቶ መታየት ያለበት የጉዳት ካሳ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ለንደን ውስጥ በተካሄደው የቲጂኤን 1412 ሙከራ መድኃኒቱን የወሰዱት ስድስቱም ጤነኛ ወንዶች በሰዓታት ውስጥ በጽኑ ታመው፣ የውስጥ አካሎቻቸው ሥራ ተዛብቶ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። እንዲህ ያለውን ጉዳት የትኛውም የተሳትፎ ክፍያ ሊሸፍነው አይችልም፤ ሕክምናውና ካሳው የራሳቸው ዋስትና ሊኖራቸው ይገባል።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ የስምምነት ቅጽ የሚገልጸው ጠቅላላውን የገንዘብ መጠን ብቻ ነው።

መልስ አንድ
እንግዲያው አሁን አይፈርሙ። ገንዘቡ መቼና እንዴት እንደሚከፈል፣ ቢያቋርጡ ምን ያህሉ እንደሚደርስዎ፣ ጉዳት ቢደርስብዎ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚችል በጽሑፍ እንዲሰፍርልዎ ይጠይቁ። ተመራማሪዎቹ በቂ መልስ ካልሰጡዎት ጥናቱን ላጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥያቄዎን በቀጥታ ያቅርቡ።