ያገለገለ የፍራምፕተን መጽሐፍ ለምትፈልጉ፦ የትኛው እትም፣ ከየት?

የእንግሊዛዊውን የአርክቴክቸር ታሪክ ጸሐፊ የኬኔት ፍራምፕተንን የዘመናዊ አርክቴክቸር ታሪክ መጽሐፍ አዲሱን ከውጭ ማስመጣት ኪስ ይጎዳል። ያገለገለው ይሻላል። ግን ከዋጋው በፊት ስንተኛው እትም እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም።

መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1980 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1985 እትም ላይ «ክሪቲካል ሪጅናሊዝም» የሚለው ምዕራፍ ተጨመረ። ምዕራፉ የሚጠይቀው ይኼን ነው፦ ዘመናዊ ሕንፃ የአገሩን ብርሃን፣ አየርና የመሬት አቀማመጥ ሳይረሳ እንዴት ይሠራል? ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ይኼ ነው። ስለዚህ የ1980ውን ለመደርደሪያ ካልሆነ አትግዙት። የ1992 ወይም የ2007 እትም ለተማሪ ይበቃል። የ2020ው አምስተኛ እትም በጣም ወፍሯል። አፍሪካንም በሰፊው አስገብቷል። ዋጋው ከተስማማችሁ አትለፉት።

ከየት? እኔ የምመርጠው ብሔራዊ ቴአትርና ለገሀር አካባቢ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው። በእጅ ታያላችሁ፣ ትከራከራላችሁ። መሃሉን ገልጣችሁ ጥራዙን እዩ። ሙጫው ከደረቀ ገጾቹ ይረግፋሉ። ከዚያ አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬ የነደፈውን ታዋቂ ቤት፣ የቪላ ሳቮይን ገጽ ፈልጉ፤ ምላጭ የያዘ ተማሪ መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነው። ዋጋው ካልተስማማችሁም መንገዱ ባዶ አይደለም። ሄንሪ ሾሜት የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ እዚያው አጠገብ ነው።

ቴሌግራም ላይ ምርጫው ይበዛል፣ ዕቃውም ቤት ድረስ ይመጣል። ሽፋኑን ብቻ አይታችሁ ግን ብር እንዳትልኩ። የእትሙ ዓመት ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። እምቢ ካሉ ተዉት።

ኮፒ ቤት የተጠረዘውን አልመክርም። ርካሽ ነው፣ እሺ። ግን ፎቶዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ኮፒ ሲደረጉ ጥቁር በጥቁር ይሆናሉ። ፕላን የማይነበብበት የአርክቴክቸር መጽሐፍ ምን ያደርጋል? ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ የምትማሩ መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍታችሁን ፈትሹ።

«የሌ ኮርቡዚዬስ?» ለምትሉ፦ የ1923ቱ መጽሐፉ (Vers une architecture) ቀጭን ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። እንግሊዝኛውን ስትገዙ የ1927ቱን ትርጉም ትታችሁ የ2007ቱን ፈልጉ። ብቻ ታሪክ ብላችሁ አታንብቡት፤ ሰውዬው የራሱን አቋም ነው የሚሰብከው። ይኸው ሰው በ1936፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ለሙሶሊኒ የአዲስ አበባን ፕላን ነድፎ አቅርቧል። ከተማዋን ሰው እንደሌለበት ባዶ ሜዳ ቆጥሮ ነው የሳላት። ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚሆን ብር ካላችሁ ፍራምፕተንን ግዙ።